በአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ደመወዝ፦ በውል ላይ የሚጻፈውና እጅ የሚገባው

ከታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የቀድሞውን ሰንጠረዥ ይዞ የሚያሰላ ሰው ውጤቱ አይገጥምለትም።

ጥያቄ፦ አንድ የግል ኮንትራክተር በወር 20,000 ብር ሊቀጥረኝ ነው። ስንት ይደርሰኛል?

መልስ፦ 13,650 ብር ይደርስዎታል። ከ14,000 ብር በላይ በሆነ ደመወዝ ላይ ግብሩ የሚገኘው ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር በመቀነስ ስለሆነ 4,950 ብር ለግብር ይሄዳል፤ ለጡረታ ደግሞ ከመነሻ ደመወዝዎ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር፣ ይቆረጣል። ግብሩ የሚሰላው የጡረታው መዋጮ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ መሆኑን ብዙዎች ይዘነጉታል። በአጭሩ ለማስላት ደመወዙን በ0.58 አባዝተው 2,050 ይደምሩ፤ 40,000 ብር የሚከፈለው መሐንዲስ 25,250 ብር ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል። ከዚህ እርከን በላይ ከሚጨመር እያንዳንዱ 100 ብር እጅዎ የሚገባው 58 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ጭማሪ ሲደራደሩ ይህንኑ አስቀድመው ያስቡት።

ጥያቄ፦ ማሻሻያው ለእኛ ምን ያህል ጠቀመን?

መልስ፦ ከ14,000 ብር በላይ ለሚከፈለው ሁሉ በወር 550 ብር ብቻ ነው፤ 15,000 ለሚያገኘውም፣ 80,000 ለሚያገኘውም ያው ነው። ልምድ ላለው መሐንዲስ ይህ መጠን ከቁም ነገር የሚገባ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመርቄ በ12,000 ብር ተቀጠርኩ። የወጪ መጋራት ዕዳዬም ከደመወዜ ይቆረጣል?

መልስ፦ አዎ፣ ቢያንስ ከወር ገቢዎ 10 በመቶ ይቆረጣል። ከግብር (2,250 ብር) እና ከጡረታ (840 ብር) በኋላ የሚቀረው 8,910 ብር ሲሆን፣ 1,200 ብር ለወጪ መጋራት ሲቀነስበት 7,710 ብር ይሆናል። የቤት ኪራይ ሲዋዋሉ በዚህኛው ቁጥር ላይ ተመሥርተው ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ድርጅቱ መነሻ ደመወዙን 12,000፣ ልዩ ልዩ አበሉን 13,000 ብር አድርጎ በድምሩ 25,000 ብር አቅርቦልኛል። ሙሉውን ደመወዝ ከማድረግ ይህ አይሻልም?

መልስ፦ ለዛሬ ብቻ ካሰቡ ይሻላል። አበሉ ሁሉ ግብር የሚከፈልበት ከሆነ የሚደርስዎ 17,460 ብር ነው፤ 25,000ው በሙሉ መነሻ ደመወዝ ቢሆን ግን 16,550 ብር ያገኙ ነበር። በወር 910 ብር ያተረፉ ይመስላል። ነገር ግን አሠሪው በስምዎ ለጡረታ የሚያስገባው 11 በመቶም የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ከ2,750 ወደ 1,320 ብር ይወርዳል፤ ስለዚህ የእርስዎና የአሠሪው መዋጮ ተደምሮ በየወሩ 2,340 ብር ያንሳል ማለት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያም እንዲሁ ይጎዳል፤ በተለመደው አሠራር የወር ደመወዝ ለ208 ሰዓት ሲካፈል፣ የአንድ ሰዓት ዋጋዎ ከ120 ብር ወደ 58 ብር ገደማ ያሽቆለቁላል። አሠሪዎች ይህን አከፋፈል የሚወዱት ለሠራተኛው አዝነው አይደለም። እኔ ብሆን ቢያንስ 20,000ው መነሻ ደመወዝ እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ የሳብስቴሽን ተከላ ላይ ነኝ፤ መስመር የሚቋረጠው በሌሊት ወይም በእሑድ ስለሆነ ሥራው ያኔ ይሠራል። አለቃዬ ግን «መሐንዲስ ትርፍ ሰዓት የለውም» ይለኛል።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። አዋጁ የማይመለከተው የሥራ መሪዎችን ነው፤ የሥራ መሪ የሚያሰኘው ደግሞ እንደ መቅጠርና ማሰናበት ያለ ሥልጣን እንጂ ዲግሪው ወይም «ሲኒየር» የሚለው መጠሪያ አይደለም። ደመወዝዎ 20,800 ብር ከሆነ ሰዓቱ 100 ብር ነው፤ በእሑድ 200 ብር ይሆናል። በዚህ ክፍያ ላይ ግብር አለ፣ የጡረታ ተቀናሽ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ከከተማ ውጭ ስመደብ የሚሰጠኝ የበረሃ አበልስ?

መልስ፦ በመመሪያ በተፈቀደው መጠን ከግብር ነጻ ነው፤ ትርፉ ላይ ግን ግብር ይከፈልበታል።

ጥያቄ፦ «ኔት 30,000 ብር» ተብያለሁ። ልፈርም?

መልስ፦ ከመፈረምዎ በፊት ያልተጣራው ደመወዝ በውሉ ላይ በቁጥር እንዲሰፍር ያድርጉ። ሙሉው መነሻ ደመወዝ ከሆነ 30,000 ብር ተጣርቶ እንዲደርስዎ 48,190 ብር ገደማ መጻፍ አለበት፤ ከዚህ በጣም ያነሰ ቁጥር ካዩ ልዩነቱ በምን እንደሚሸፈንና ጡረታዎ በየትኛው መጠን ላይ እንደሚገባ በጽሑፍ ያስመልሱ።