ስለ ላክስተን መንደር ለጠየቅኸው

ሰላም! «እንግሊዝ ውስጥ ገበሬው እንደ ድሮው መሬቱን ያለ አጥር፣ በቁራጭ በቁራጭ ተካፍሎ የሚያርስበት መንደር ዛሬም አለ?» ብለህ ነበር። አለ። ላክስተን ይባላል፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ነው።

ሦስት ሰፋፊ ማሳዎች አሉት፦ የምዕራብ፣ የደቡብና የወፍጮ ማሳ። የአንድ ገበሬ ቁራጮች በሦስቱም ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ። በየዓመቱ አንዱ ማሳ ከብርዱ ወራት በፊት ስንዴ ይዘራበታል፣ ሌላው ብርዱ ካለፈ በኋላ ይዘራል፣ ሦስተኛው ያርፋል። የመሬቱ መበታተን በመንደሩ አቀማመጥም ይታያል። ቤቶቹ በየእርሻው መሀል ሳይሆን መንገዱን ተከትለው ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው።

የቀረው የእንግሊዝ ክፍል ግን ከሞላ ጎደል ይህን ሥርዓት ትቶታል። በተለይ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓርላማው ባወጣቸው ሕጎች የጋራ ማሳዎች ታጠሩ፤ ብዙ ድሃም መሬት አልባ ሆኖ ቀረ።

ለእኔ ደስ የሚለው ዳኝነቱ ነው። በኅዳር መጨረሻ ገደማ ከገበሬዎቹ የተመረጡ ሰዎች የስንዴውን ማሳ እየዞሩ ያያሉ። ድንበር ገፍቶ ወደ መንገዱ ወይም ወደ ሣሩ ያረሰ ካለ፣ በመንደሩ ፍርድ ቤት ይቀጣል። ድንበር መግፋት የትም አገር አለ ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በ1635 የተሠራ የመንደሩ ካርታም አለ። እያንዳንዱ ቁራጭ የማን እንደነበር ያሳያል። አሁን ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ከሄድክ ከመንደሩ በስተሰሜን ያለውን የኖርማኖች (በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ መጥተው እንግሊዝን የያዙት) ምሽግ ጉብታም ውጣበት።