በ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ማንን ልደግፍ?

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ የሌ ማንስ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ሱሰኞች ናቸው። እኔም አብሬያቸው ለማየት ሞክሬ ነበር፤ ግን 60 ምናምን መኪና ሲተራመስ ማን እንደሚመራ እንኳ ሳይገባኝ እንቅልፍ ጣለኝ። ኳስ ሳይ የምደግፈው ክለብ ስላለኝ ሰዓቱ መሄዱንም አላውቀው። እዚህ ግን ማንን ልያዝ? አንዱ «ፌራሪን ያዢና ተገላገይ» ይለኛል፤ ሌላዋ ደግሞ አሸናፊ መርጦ መደገፍ ያሳፍራል ባይ ናት።
ግራ የገባት ተመልካች

መልስ፦ ፌራሪን ያዢ ያለሽ ሰው የትኛዋን ፌራሪ እንደሆነ አልነገረሽም። ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በ2025 ሌ ማንስን ያሸነፈው ፌራሪ ነው፣ እውነት ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ግን ያሸነፉት የፋብሪካው ቀያይ መኪኖች አይደሉም፤ በግል ቡድን ስም የተመዘገበችው ቢጫዋ 83 ቁጥር ናት። ከፋብሪካው መኪኖች 51 ቁጥር ሦስተኛ ወጣች፣ በመሃል 6 ቁጥር ፖርሽ ገባችባት፣ 50 ቁጥር ደግሞ ከውድድሩ በኋላ ተፈትሻ ውጤቷ ተሰረዘ። እና «የፌራሪ ቲፎዞ ነኝ» የሚል ሰው ያን ቀን ለየትኛዋ ነው ሲጨነቅ የዋለው?

ስለዚህ ማርካውን ተዪው፣ ቁጥር ያዢ። አንዲት መኪና። በዚህ ስፖርት ቡድን ማለት እሷ ናት። ሦስት አሽከርካሪዎች እየተፈራረቁ ይነዷታል፤ ደንቡ አንድ ሰው በ6 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ከ14 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ብቻውን ሊያሸንፍልሽ አይችልም። ሌሊት ላይ ደክሞት ከመንገድ የሚወጣው ደካማው ሰው የሌሎቹን ሁለት ሰዎች ድካም ይዞ ነው የሚወጣው፣ እነሱም ጋራዥ ውስጥ ቆመው በስክሪን ያዩታል። እነዚህን ሦስት ሰዎች በስም ካወቅሻቸው፣ እመኚኝ፣ እንቅልፍ አይጥልሽም።

የ83 ቁጥሯን ነገር እንይ። ከሾፌሮቿ አንዱ ፖላንዳዊው ሮበርት ኩቢትሳ ነው። ፎርሙላ 1 ላይ ከተስፈኞቹ አንዱ የነበረ ሰው ነው፤ በ2011 በራሊ ውድድር በደረሰበት አደጋ ቀኝ እጁ ክፉኛ ተጎዳ። በ2021 ከቻይናዊው ዪፌ ዬ እና ከሉዊ ደሌትራ ጋር ሌ ማንስ ላይ በሁለተኛው ክፍል (መኪኖቹ በክፍል ተለያይተው ነው የሚወዳደሩት፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ) ሲወዳደሩ፣ 24 ሰዓቱን ሙሉ ለፍተው ክፍላቸውን እየመሩ የመጨረሻው ዙር ላይ መኪናዋ ቆመችባቸው። ድሉን ማን የወሰደው መሰለሽ? የዚያው ቡድን ሌላኛዋ መኪና! ጋራዡ በአንድ በኩል እየጨፈረ በሌላ በኩል የሚያለቅስበት ጊዜ አለ እንግዲህ። ከአራት ዓመት በኋላ ኩቢትሳና ዬ ከፊል ሃንሰን ጋር ሆነው ጠቅላላውን አሸነፉ። የ2021ን ነገር ያየ ሰው፣ የሚነዱት ፌራሪ ይሁን ትራክተር ግድ አልነበረውም።

ልብ መሰበር ካልሽ ደግሞ ቶዮታ አለልሽ። በ2016 አምስት ቁጥሯ እየመራች፣ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ኃይሏን አጣችና የመጨረሻው ዙር መጀመሪያ ላይ፣ ልክ ሰው ሁሉ የሚያይበት ቀጥታ መንገድ ላይ ቆመች። ካዙኪ ናካጂማ ነበር የሚነዳት። ድሉ ለፖርሽ ሆነ። ይባስ ብሎ የመጨረሻውን ዙር በተፈቀደው ጊዜ ስላልጨረሰች ሁለተኛነቷንም አልሰጧትም፤ ከውጤት ዝርዝሩ ወጣች። ቶዮታ ከዚያ በኋላ ከ2018 እስከ 2022 በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ እኔ ግን አምስቱንም ደምሬ የዚያችን የአንዷን ቀን ያህል አልቆጥራቸውም፣ ተፎካካሪ በሳሳበት ዘመን የመጡ ናቸውና። የቶዮታ ቲፎዞዎች ቢቀየሙኝም ይቀየሙኝ።

አሸናፊ መደገፍ ያሳፍራል ለምትለዋ ጓደኛሽ ደግሞ፣ አያሳፍርም፤ ግን ብዙም አያዋጣም። በዋናው የሃይፐርካር ክፍል አዘጋጆቹ የመኪኖቹን ክብደትና ኃይል እያስተካከሉ ፍጥነታቸውን ለማቀራረብ ይሞክራሉ። ባለፈው ውድድር ሌሎቹን ጥሎ የሄደው ቀጥሎ ከባድ መኪና ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሁሌ የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ከዚያ የከፋው ደግሞ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ውል አያውቁም። አውዲ 13 ጊዜ አሸንፎ በ2016 ማብቂያ ጥሎ ወጣ። በሌ ማንስ ድል ብዛት የሚስተካከለው የሌለው ፖርሽ፣ 19 ጊዜ ያሸነፈው፣ በ2025 መጨረሻ የፋብሪካ ቡድኑን ከዓለም ሻምፒዮናው (ሌ ማንስ አንዱ ውድድሩ ከሆነው) ዋና ክፍል አስወጣ። በ2022 ሦስተኛ የወጣው የአሜሪካ ትንሽ ቡድን ግሊከንሃውስም ብዙ አልቆየም። ሰዎቹ ግን አይጠፉም። አንዱ ቡድን ሲዘጋ ሾፌሩ በሌላ መኪና ተመልሶ ይመጣል፣ አንቺም ተከትለሽው ትሄጃለሽ።

ሌላው ምክሬ ሁለት መኪና መያዝ ነው፣ ከሁለት የተለያዩ ክፍሎች። ሌ ማንስ ላይ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ውድድር ነው የሚካሄደው። ከላይ ሃይፐርካር አለ፤ ፋብሪካዎቹ ያሉበት ነው። መሃል ላይ ኤልኤምፒ2 አለ፤ እዚያ ሁሉም ተመሳሳይ ኦሬካ መኪና በተመሳሳይ ሞተር ስለሚነዱ ልዩነቱ ሰው ብቻ ነው። ደስ ይላል፤ ግን ከ2024 ወዲህ በዓለም ሻምፒዮናው ውስጥ ሌ ማንስ ላይ ብቻ ነው የምታያቸው። ታች ኤልኤምጂቲ3 አለ፤ መንገድ ላይ የምናውቃቸውን የስፖርት መኪኖች የሚመስሉት ናቸው።

ሁለተኛዋን መኪናሽን ከዚህ ከታችኛው ክፍል ውሰጂ። እያንዳንዷ መኪና ውስጥ ቢያንስ አንድ «ነሐስ» ደረጃ የተሰጠው አማተር ሾፌር መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜ ኑሮው ሌላ ሥራ ላይ የሆነ፣ ለዚህ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው ነው። ፕሮፌሽናሎቹ ያገኙትን ክፍተት እሱ ያጠበዋል፣ እነሱ መልሰው ያሰፉታል። ድራማው ሁሉ እዚያ ነው። የሞተር ሳይክሉ ንጉሥ ቫለንቲኖ ሮሲ እንኳ ጡረታ ወጥቶ በቢኤምደብልዩ 46 ቁጥር የተወዳደረው በዚህ ክፍል ነው። ሮዝ ቀለም የተቀቡትን የአይረን ዴምስ ሴቶችም ፈልጊያቸው፤ በ2023 ባህሬን ላይ ሳራ ቦቪ፣ ራሄል ፍራይና ሚሼል ጋቲንግ ክፍላቸውን ሲያሸንፉ፣ በዓለም ሻምፒዮናው ሴቶች ብቻ ያሉበት ቡድን ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። ያኔ ክፍሉ ጂቲኢ አማተር ይባል ነበር።

ጥያቄ፦ ሌሊት ላይ የምደግፋትን መኪና እንዴት ነው የምለየው? ለኔ ሁሉም መብራት ብቻ ናቸው።
በጨለማ የቀረሁ

መልስ፦ ጎህ እስኪቀድ በዓይን መፈለጉን ተወው። ስልክህ ላይ የቀጥታ ሰዓት ሰንጠረዡን ክፈትና ቁጥሯን ተከተል፤ በክፍሏ ስንተኛ እንደሆነች፣ መቼ ፒት (ነዳጅና ጎማ የሚቀየርበት ቦታ) እንደገባች፣ ማን እንደሚነዳት ይነግርሃል። በጆሮ መለየት የሚቻል መኪናም አለ። አስተን ማርቲን ቫልኪሪ ባለ 12 ሲሊንደር 6.5 ሊትር ሞተር አላት፣ ሃይብሪድ (አጋዥ የኤሌክትሪክ ሞተር) የሚባል ነገር የለባትም፤ ስታልፍ ሳታይ ታውቃታለህ። እውነቱን ለመናገር፣ በድምፅ ብቻ መኪና መርጦ መደገፍም በቂ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የያዝኳት መኪና በሦስተኛው ሰዓት ተጋጭታ ብትወጣስ? መቀየር ይፈቀዳል?
ከወዲሁ የፈራሁ

መልስ፦ ይፈቀዳል፣ እዚህ ማንም ከሃዲ አይልህም። ግን መጀመሪያ የወንድሞቿን፣ የዚያው ቡድን ሌሎች መኪኖችን፣ ሁኔታ እይ። በ2011 አውዲ ሦስት መኪና ይዞ መጣ፤ ሁለቱ በአሰቃቂ አደጋ ወጡ፣ ሾፌሮቹ በተአምር ተረፉ። የቀረችው አንዷ ናት። እሷም ከፔዦዎቹ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቃ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ 14 ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት አሸነፈች።

እስከዚያው ሙሉውን ሰዓት ነቅቼ አያለሁ ብለህ ራስህን አታሰቃይ። ሾፌሮቹም ይተኛሉ። ጅማሬውን እይ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትንሽ እይ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዓታት ግን እንዳታመልጥህ። መኪናህ ጋራዥ ተስባ ገብታ መካኒኮቹ ማርሽ ሳጥኗን ማውረድ ከጀመሩ ደግሞ ሄደህ ተኛ፤ ቶሎ አትወጣም።