«ያን ያህል ኃይል ያለው ሁሉ ይከፋል፤ እግዚአብሔርስ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የምኖረው አሜሪካ ነው። የ15 ዓመት ልጅ አለኝ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግላል፣ ከቅዳሴም አይቀርም። በቅርቡ አንድ ተከታታይ ፊልም ሲያይ ደረስኩበት። ባንዲራ የመሰለ ካባ ለብሶ የሚበር፣ ሕዝብ የሚሰግድለት፣ በስውር ግን ሰው የሚገድል «ጀግና» ነው ያለበት። ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ስቆጣው «እማ፣ እንደዚህ ያለ ኃይል ያለው ሁሉ መጨረሻው መክፋት ነው። እግዚአብሔር እንደዚህ እንዳልሆነ በምን እናውቃለን? ሁሉን ቻይ ከሆነ ቸር አይደለም፣ ቸር ከሆነም ሁሉን ቻይ አይደለም» አለኝ። ደንግጬ ለንስሐ አባቱ እንዲናዘዝ አዘዝኩት። ልክ አድርጌያለሁ? ፊልሙን ማየቱስ ኃጢአት ነው? ታናሽ ወንድሙ ደግሞ የሱፐርማን ፒጃማ አለው፤ ልጣለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከጻፍሽው እንደተረዳሁት ልጅሽ ያየው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማዞን የሚታየውን «ዘ ቦይስ» ነው፤ ካባ ለባሹም ሆምላንደር ይባላል። ለአዋቂ ተብሎ የተሠራ፣ ደምና ዝሙት የሞላበት ነው። የ15 ዓመት ልጅ ዓይን የሚያርፍበት ስላልሆነ ማጥፋትሽ ትክክል ነው። ችግሩ ከፊልሙ ጋር ጥያቄውንም አብረሽ ማጥፋትሽ ነው። ጥያቄው መልስ ይፈልጋል እንጂ ኑዛዜ አይፈልግም። ለንስሐ አባቱ ያየውን ይናገር፤ የጠየቀውን ግን እንደ ኃጢአት ቆጥሮ እንዲናዘዝ አታድርጊው። እናቱን የጠየቀ ልጅ ገና አልራቀም።

ልጅሽ የተናገረው ነገር አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ክርስቲያኑ ላክታንትዮስ ይህንኑ ሙግት ከግሪካዊው ፈላስፋ ከኤፊቆሮስ የመጣ ነው ብሎ አንሥቶ መልሶለታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የባትማንና የሱፐርማን ፊልም ውስጥም ይህንኑ ሐሳብ ሌክስ ሉተር የተባለው ባለጸጋ ይናገረዋል። ሌክስ ሉተር ግን የፊልሙ ክፉ ሰው ነው፤ ቃሉንም የሚናገረው በቅናት ነው። ልጅሽ ይህን ልብ ብሎት እንደሆነ ጠይቂው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ምእመን ዘንድ የሚገጥመኝ ስሕተት «ሁሉን ቻይ» ሲባል የጡንቻ ነገር መምሰሉ ነው። እኛ ሃምሳ ኪሎ እናነሣለን፣ ጉልበተኛው መቶ፣ ሱፐርማን ተራራ፣ እግዚአብሔር ደግሞ ዓለሙን በሙሉ። መሰላሉ አንድ ሆኖ እግዚአብሔርን ጫፉ ላይ እናስቀምጠዋለን። እንዲህ ካሰብን የልጅሽ ጥያቄ ትክክል ይሆናል፤ መሰላሉን የወጣ ሁሉ ሲከፋ አይተናልና። «የእኛ አምላክ ከሱፐርማን ይበረታል» ብለው ለልጆቻቸው የሚመልሱ ወላጆችም ያው መሰላል ላይ ናቸው። እባክሽ እንዲህ ብለሽ አትመልሺለት።

በጸሎተ ሃይማኖት ምን እንላለን? «ነአምን በአሐዱ አምላክ እግዚአብሔር አብ አኃዜ ኵሉ።» አኃዜ ኵሉ ማለት ሁሉን የያዘ ማለት ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት ክንድ ከሕፃኑ ጋር ጉልበት አይፈታተንም፤ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ። አማርኛችንም ቢሆን «ቻይ» የሚለው ቃል ሁለት ጎን አለው። ሐዘን የደረሰባትን ሴት አይተን «እንዴት ቻለችው!» ስንል ስለ ክንዷ ብርታት አይደለም የምናወራው። «ቻይ ናት» ስንልም ታጋሽነቷን ነው። ሁሉን ቻይ የምንለው አምላክ ሁሉ የሚቻለው ብቻ ሳይሆን ሁሉን የሚችል፣ ክፋታችንንም የሚሸከም ነው። መጽሐፈ ጥበብ 11ኛውና 12ኛው ምዕራፍ ላይ ይህን ሳይሸፍን ይነግረናል፤ ምሥጢሩም «ሁሉ ስለሚቻልህ ለሁሉ ትራራለህ፣ የሁሉ ገዥ ስለሆንህም ለሁሉ ታዝናለህ» የሚል ነው። ልጅሽ ኃይል ምሕረትን ይገድላል አለ፤ መጽሐፉ ደግሞ የእግዚአብሔር ምሕረት ከኃይሉ ይመነጫል ይላል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ለፍጡር ኃይል ልብስ ነው። ይለብሰዋል፣ ይገፈፋል፣ ደጉም ክፉውም ሊለብሰው ይችላል። ስለዚህ በፍጡር ላይ ኃይልና ቸርነት ሊለያዩ ይችላሉ። እግዚአብሔር ግን ኃይልን ከሌላ አልተቀበለም፣ ቸርነቱም የተጨመረለት ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ «ራሱን ሊክድ አይችልምና» (2ጢሞ. 2፥13) ያለው ለዚህ ነው። እግዚአብሔር የማይችለው ነገር አለ ማለት ነው? አዎ፣ መዋሸት አይችልም፣ መክፋት አይችልም፤ ፀሐይ ማጨለም እንደማትችል። ይህን አቅም ማነስ የሚለው የለም።

ስለ ደራሲዎቹ ጥቂት ልበል፤ እነርሱ የሚያደርጉትን ካወቅሽ ከልጅሽ ጋር መነጋገር ይቀልሻል። ኃያሉን ጀግና ክፉ አድርጎ መጻፍ የዛሬ ዘመን ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የክሊቭላንድ ከተማ ነዋሪ የሆኑት የ18 ዓመት ወጣቶች ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ራሳቸው ባዘጋጁት መጽሔት ላይ «ሱፐርማን» የሚል ስም የሰጡት የመጀመሪያው ሰው ክፉ ነበር። ለዳቦ ተሰልፎ የቆመ ችግረኛ ነው፤ አንድ ሳይንቲስት መድኃኒት ሰጥቶት የሰው አሳብ ማንበብና ሰውን በአሳቡ ማዘዝ ቻለ፤ ያን ጊዜ ዓለምን ሊገዛ ተነሣ። መድኃኒቱ ሲያልቅ ወደዚያው የዳቦ ሰልፍ ተመለሰ። በደጉ የምናውቀው ሱፐርማን የወጣው ከዚያ በኋላ በ1938 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔም ገና አይበርም፤ የሚዘልለው ሁለት መቶ ሜትር ያህል ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት ኃይል ሲጨምሩለት ግን ጸሐፊዎቹ ተቸገሩ፤ ምንም የማይጎዳው ሰው ታሪክ የለውማ። መጀመሪያ ከውጭ ድካም ፈጠሩለት፤ በ1943 እ.ኤ.አ. በሬድዮ ድራማው ላይ ክሪፕቶናይት የተባለው ድንጋይ መጣ። የኋላ ዘመን ጸሐፊዎች ደግሞ ድንጋዩን ትተው ድካሙን ልቡ ውስጥ ከተቱት።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ኃይሉን አይነኩትም፤ ዙሪያውን ይቀይራሉ። የቀድሞውን ሱፐርማን ካንሳስ ውስጥ ያሳደጉት ገበሬ ባልና ሚስት ናቸው፤ «ተው» የሚል አባት፣ የምታቅፍ እናት ነበረው። ሆምላንደርን ግን ኩባንያ በቤተ ሙከራ ውስጥ ነው ያሳደገው። እናት የለው፣ ተቆጪ የለው፤ በምትኩ ካሜራና ጭብጨባ ሰጡት። ሌላው መንገድ ግዴለሽነት ነው፤ በ1986 እና 87 እ.ኤ.አ. በ12 ክፍል በወጣው «ዎችመን» የተባለ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ያለው ኃያል ሰማያዊ ሰው ማንንም አይጠላም፣ ነገር ግን ሰው መኖሩና መሞቱ ቀስ በቀስ አንድ ሆኖበታል። በእኔ ግምት ከጨካኙ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው። ከደራሲዎቹ ብዙዎቹ እምነታችን የላቸውም፤ ሳያውቁት ግን ኃይል ብቻውን ሰውን ደግ እንደማያደርግ እየመሰከሩልን ነው። ይህን ከልጅሽ ጋር ተስማሚበት፤ ስለ ፍጡር ያለው እውነት ነው።

አሁን ልጅሽ አይቶት ሊሆን የሚችለውን የአውሮፕላኑን ትዕይንት እንይ። ሆምላንደር የተጠለፈ አውሮፕላን ሊያድን ይገባል። ጠላፊውን በዓይኑ ጨረር ሲመታ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን አብሮ ያበላሸዋል። አብራው ያለችው ጀግና ጥቂቶቹን እንኳን እንዲያወጣ ትለምነዋለች። እርሱ ግን የተረፈ ሰው ጥፋቱን ይናገርበታል፤ ስለዚህ ሁሉንም ጥሎ ይወጣል። በኋላም በሕዝብ ፊት ቆሞ ለሟቾቹ ያዘነ መስሎ ይናገራል። ልጅሽ «እግዚአብሔርም እንዲህ ቢሆንስ?» ያለው ከዚህ ቢሆን አይደንቀኝም።

ከልጅሽ በፊት ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ ጠይቀዋል፤ በአውሮፕላን ሳይሆን በታንኳ። ማዕበሉ ታንኳይቱን ሲሞላት ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር። «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» አሉት (ማር. 4፥38)። «አትችልምን?» አላሉም። መቻሉን አልተጠራጠሩም፤ የጠረጠሩት ፍቅሩን ነው። ልክ እንደ ልጅሽ። ጌታም ደፈራችሁኝ ብሎ ወደ ባሕር አልጣላቸውም፤ አስቀድሞ ነፋሱን ገሠጸ፣ እነርሱን ከዚያ በኋላ። አንድ ነገር ግን ለልጅሽ ደግመሽ አሳዪው፤ ሆምላንደር ከሚወድቀው አውሮፕላን በርሮ የሚወጣ ነው፣ ጌታ ግን ታንኳይቱ ውስጥ ነው ያለው። የተኛውም ስለደከመው ነው። ውኃው እነርሱን ሲያረጥብ እርሱንም ያረጥበዋል።

ልጅሽ ብልህ ነውና «ታዲያ ዛሬ የሚወድቀው አውሮፕላንስ?» ይላል። አትሸሺው። ከዚያች ታንኳ የተረፈው ያዕቆብ በኋላ በሄሮድስ ሰይፍ ሞቷል (ሐዋ. 12፥2)፤ ጌታ ያን ጊዜ ሰይፉን አልያዘም። ለምን አንዱ ይተርፋል ሌላው ይሞታል ብትዪኝ የእያንዳንዱን ምክንያት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ አውቃለሁ የሚልሽን መምህርም አትመኚው። እኛ የምናውቀው እርሱ ራሱ ከዚያ ሞት እንዳልቀረ ነው። በመስቀሉ ሥር የቆሙት «ሌሎችን አዳነ፥ ራሱን ሊያድን አይችልም» እያሉ ዘበቱበት (ማቴ. 27፥42)። እነርሱ የፈለጉት ካባ ለባሹን ጀግና ነበር፤ ቢወርድ ኖሮ ያጨበጭቡለት ነበር። አባ ሕርያቆስ በቅዳሴ ማርያም «ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ ወአብጽሖ እስከ ለሞት» ያለውን ልጅሽ ቅዳሴ ማርያም ሲቀደስ ሰምቶታል፤ ትርጉሙን ግን ምናልባት ማንም አልነገረውም። ኃያሉን ወልድ ከዙፋኑ ስቦ እስከ ሞት ያደረሰው ፍቅር ነው። «ኃያል» የሚለው ቃል እዚያው አለ፤ አልተሰረዘም።

የሆምላንደርን ትክክለኛ አምሳያ ከፈለጋችሁ ስለ ስድስቱ ቀን ፍጥረት በሚያስተምረው በአክሲማሮስ ትምህርታችን ውስጥ አለላችሁ፤ ሳጥናኤል ነው። ሥራው የመላእክትን ምስጋና ወደ ፈጣሪ ማቅረብ ነበር። በእጁ የሚያልፈው ምስጋና አስጎመጀው። ፈጣሪ ለጊዜው ቢሰወርባቸው «እኔ ፈጠርኳችሁ» አለ። ቅዱስ ገብርኤል ግን «ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ»፣ አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት እንቁም አለ። ይህ ለ15 ዓመት ልጅ ከተከታታይ ፊልም አያንስም፤ ቁጭ ብሎ የሚተርክለት ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

በዚህ ሳምንት እንዲህ አድርጊ። መጽሐፈ መሳፍንትን ከ13 እስከ 16 ያለውን አብራችሁ በአንድ መቀመጫ አንብቡ፤ አራት ምዕራፍ ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። አንቺ አታብራሪ፤ እየተቀባበላችሁ አንብቡ። ሲያልቅ ሦስት ነገር ጠይቂው፤ ሶምሶን ኃይሉን ከየት አገኘው? «ተው» ያለው ማን ነበር፣ ሰማውስ? ኃይሉ የተለየው መቼ ነው፣ ያወቀውስ መቼ? ሦስተኛው ላይ 16፥20ን ጣቱን አስደርጊበት፤ እግዚአብሔር ተለይቶት ሳለ አላወቀም ይላል። ቀጥሎ እነዚያኑ ጥያቄዎች ስለ ሆምላንደር ይመልስ፤ ከአንቺ የተሻለ ይመልሳቸዋል። በሌላ ቀን ደግሞ ስለ ጌታ ጠይቂው፤ ማቴዎስ 4 ላይ ድንጋዩን ዳቦ አድርግ ሲባል ለምን እምቢ አለ? በሁለተኛው ቀን ላይ ብዙ ወላጅ ይቸኩልና «አየህ፣ የእኛ ጌታ ግን» ብሎ መልሱን ይነጥቃል። ያኔ ልጁ ስብከት መሆኑን ያውቅና ዝም ይላል። ዝም ካለ ተይው፤ ሌላ ቀን ራሱ ያነሣዋል።

የታናሽየው ፒጃማ ፒጃማ ነው። ልብሱ እስኪጠበው ይልበሰው፤ ከመተኛቱ በፊት ብቻ ካባውን እንዳጠለቀ አቡነ ዘበሰማያት ይድገምልሽ።