ክሬኑ በመሐል ቀጥ ይላል? ማቆሚያውን ዳይሬክት አታስደርጉት

የዚህ ሳምንት ጥያቄ የመጣው እዚሁ ባሕር ዳር ካለ የእምነበረድ መቁረጫ ቤት ነው። ጠያቂው የጥገና ሠራተኛ ነው። ደብዳቤው ሲያጥር እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ ሼድ ውስጥ፣ በአንድ ሀዲድ ላይ የሚሄዱ ሁለት ባለ 5 ቶን ኦቨርሄድ ክሬኖች አሉን። በቅርቡ በኬብል የተንጠለጠለውን ፔንዳንት (የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹን ሳጥን) ትተን በእጅ የሚያዝ የሬዲዮ ሪሞት አስገጠምን። አንደኛው ክሬን ጭነት ይዞ ሲሄድ አንዳንዴ በመሐል ቀጥ ይላል። ስታርት ስንጫን መልሶ ይነሳል። የገጠመልን ኤሌክትሪሺያን ‹የሪሲቨሩን ዋና ሪሌይ ዳይሬክት ላድርግላችሁና ተገላገሉ› ይለናል። ሥራ እየቆመ ስለሆነ ኃላፊያችንም እሺ ብሏል። መብራት ሲጠፋ በጀነሬተር ነው የምንሠራው። ምን ይመክሩናል?»

ወንድሜ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ አታስደርገው። ኃላፊህ እሺ ቢልም አታስደርገው። ያ ክሬን ሲቆም ሪሲቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው። ያልታወቀው ምን እንዳስቆመው ነው። መፈለግ ያለብህ እሱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሲቨር ማለት ክሬኑ ላይ ተገጥሞ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ሳጥን ነው፤ ሪሌይ ደግሞ በውስጡ ያለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ዳይሬክት ማድረግ ማለት ሪሌዩን አልፎ መስመሩን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ቁልፍ ተጭነህ ክሬኑን እያሠራህ ሳለ ሪሞቱ ሳያቋርጥ ምልክት ይልካል። ሪሲቨሩ ያንን ምልክት ለአጭር ጊዜ ካጣው ዋናውን ሪሌይ ይለቃል። ጊዜው እንደየሥሪቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ እስከ 2 ሰከንድ ነው። ሪሌዩ ሲለቅ ዋናው ኮንታክተር፣ ማለትም የክሬኑን ኃይል የሚያገናኘው ትልቁ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይለቃል። ለሞተሮቹ ሁሉ የሚሄደው ኃይል ይቋረጣል። የሆይስቱ (ጭነቱን የሚያነሳው ክፍል) ብሬክ በስፕሪንግ የሚይዝ፣ በኤሌክትሪክ የሚለቅ ነው። ስለዚህ ኃይል ሲጠፋ ጭነቱ ባለበት ይንጠለጠላል እንጂ አይወርድም። ባትሪ ቢያልቅ፣ ሪሞቱ ወድቆ ቢሰበር፣ ኦፕሬተሩ ራሱን ስቶ ቢወድቅ እንኳ ክሬኑን የሚያቆመው ይኸው መንገድ ነው።

አሁን ሪሌዩ ዳይሬክት ሆነ እንበል። ቀዩን ማቆሚያ ስትጫን የማንሻ፣ የማውረጃና የመሄጃ ሪሌዮቹ ብቻ ይለቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ክሬኑ በዚህም ይቆማል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። አንድ ቀን ግን የአንዱ ኮንታክተር ኮንታክቶች ተቃጥለው ይጣበቃሉ። ያረጀ ኮንታክተር ይህን ያደርጋል። ያኔ ቀዩን ብትጫን፣ ባትሪውን ብታወጣ ክሬኑ አይሰማህም። ኃይሉን ከፊት ሆኖ የሚቆርጥልህ ዋናው ኮንታክተር ነበር፤ እሱን ደግሞ አስራችሁታል። አንድ ሜትር ኪዩብ እምነበረድ ወደ 2.7 ቶን ይመዝናል። ከሥሩ የሚሠሩት ደግሞ ጓደኞችህ ናቸው።

ወደ ምክንያቱ እንሂድ። በመጀመሪያ ክሬኑ የሚቆምበትን ሁኔታ በደብተር ጻፉ። የት ቦታ ላይ ቆመ? ባዶውን ነበር ወይስ ጭነት ይዞ? በመብራት ኃይል ወይስ በጀነሬተር? በአጠገቡ ብየዳ ነበር? ሌላኛው ክሬን እየተነሳ ነበር? ይህን ሳይመዘግቡ ሪሲቨር ለመቀየር የሚሮጡ ሰዎች አሉ። አዲሱም እንደ አሮጌው ይቆማል፤ ገንዘቡም ይባክናል።

ቀጥሎ የሪሲቨሩን መብራቶች እይ። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች ላይ አንዱ መብራት ኃይል መኖሩን፣ ሌላው ምልክት መግባቱን ያሳያል። ከታች የማይታዩ ከሆነ በስልክ ካሜራ አቅርበህ ቅረጻቸው። ክሬኑ ሲቆም የኃይሉ መብራት ከጠፋ ችግሩ የሬዲዮ አይደለም፤ ሪሲቨሩ ራሱ ኃይል እያጣ ነው። የኃይሉ እንደበራ የምልክቱ ብቻ ከጠፋ ግን ሬዲዮው ነው። ይቺን ብቻ ብታውቅ የፍለጋህ ግማሽ አለቀ።

ጭነት ሲይዝ ነው የሚቆመው ማለትህ እኔን ወደ ኃይሉ ነው የሚወስደኝ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ በሀዲዱ ጎን የተዘረጋውን የኃይል ባር እዩ። መገጣጠሚያው ላልቶ ወይም ኃይል የሚሰበስበው ካርቦን አልቆ ይሆናል። በዚያች ነጥብ ላይ ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጣል። ሞተሩ ላይሰማው ይችላል፤ ሪሲቨሩ ግን ይጠፋና እንደገና ይነሳል። በባር ፋንታ ተጣጣፊ ኬብል ካላችሁ ሁልጊዜ የሚታጠፍበትን ቦታ ፈትሹ። ውጪው ጤነኛ ሆኖ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አይታይም። ለመፈተሽ ስትወጣ ዋናው ማብሪያ ይጠፋ፣ በቁልፍ ይቆለፍ፣ ቁልፉ አንተ ኪስ ይግባ። ሦስቱም ፌዝ (የኃይል መስመሮቹ) ኃይል እንደሌለባቸው በመለኪያ አረጋግጥ። መንጠቆው ላይ ምንም ጭነት አይኑር። የከፍታ ሥራ መታጠቂያም አትርሳ።

ቦታው የሚለያይ ሆኖ በጀነሬተር ጊዜ የሚበዛ ከሆነ ጀነሬተሩን ጠርጥሩ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ የናፍጣ ሞተር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ሆይስቱ ጭነት ሲያነሳ በመነሻው ላይ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሪሲቨሩም ሆነ የኮንታክተሮቹ መሳቢያ ይለቃሉ። መቁረጫ መጋዙ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጭነት ስታነሱ ቮልቴጁን በመለኪያ ተከታተሉ። መልሱን ቁጥሩ ይነግራችኋል።

ጀነሬተር ካነሳሁ ዘንዳ ደብዳቤህ ያልጠየቀኝን አንድ ነገር ልናገር። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የጀነሬተሩ የፌዝ ቅደም ተከተል ከመብራት ኃይሉ የተለየ ከሆነ ሞተሮቹ በተቃራኒው ይዞራሉ። «ላይ» ስትል ይወርዳል፣ «ታች» ስትል ይወጣል። ብዙ ሠራተኛ ይህን ይለምደውና ቁልፉን ገልብጦ ይሠራል። ግን የላይኛው ሊሚት ስዊች፣ ማለትም መንጠቆው ከልክ በላይ ሲወጣ የሚያቆመው ማጥፊያ፣ የሚቆርጠው «ላይ» የሚለውን ኮንታክተር ነው። መንጠቆው በ«ታች» ኮንታክተር እየወጣ ከሆነ ሊሚቱ ቢነካም የሚያቆመው ነገር የለም። መንጠቆው ከከበሮው ጋር ይጋጫል፣ የብረት ገመዱ ይበጠሳል፣ ጭነቱ ይወድቃል። ስለዚህ የፌዝ ቅደም ተከተል መቆጣጠሪያ ሪሌይ ይገጠም፤ ዋጋው ከሚያድነው ጋር አይነጻጸርም። እስከዚያው መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር መንጠቆውን ባዶውን ትንሽ ወደ ታች አውርዳችሁ አቅጣጫውን ሳታረጋግጡ ጭነት አታንሱ። የመስመር ጥገና ከተደረገ በኋላም እንዲሁ።

የምልክቱ መብራት ነው የሚጠፋው ካልክ ደግሞ መጀመሪያ ባትሪውን እይ። ብዙ ሪሞቶች በተራ ድንጋይ ይሠራሉ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አትቀላቅሉ። ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት፣ ተራው 1.5 ቮልት ስለሆነ ሁሉም ሪሞት ቻርጅ የሚደረገውን አይወድም፤ ማኑዋሉን እዩ። ከባትሪው ቀጥሎ አንቴናው አለ። ሪሲቨሩን አቧራና ዝናብ ፈርቶ በብረት ሳጥን ውስጥ የዘጋ ሰው ምልክቱንም ዘግቶታል። አንቴናው ከሳጥኑ ውጭ፣ ከሞተር ኬብልና ከኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው መሣሪያ) ርቆ ይሁን። በኮንታክተሮቹ ኮይል (መሳቢያ) ላይ የረብሻ ማፈኛ መኖሩን አረጋግጥ። በክረምቱ ዝናብ ወቅት የሳጥኑን ጎማና የኬብል መግቢያዎች ፈትሽ፤ እርጥበትም ነፍሳትም የሚገቡት በዚያ ነው።

ብየዳም ይረብሻል። በተለይ መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ ብረት መበየድ ፈጽሞ ክልክል ይሁን። የብየዳው ማሳ (የመመለሻ ኬብሉ መቆንጠጫ) በደንብ ካልያዘ ኤሌክትሪኩ በብረት ገመዱና በኩሽኔታዎቹ አድርጎ ይመለሳል። ገመዱን ከውስጥ ያቃጥለዋል።

ሁለት ክሬን ስላላችሁ ይህን አሁኑኑ አረጋግጡ። እያንዳንዱ ሪሞት የራሱ መለያ ኮድ ሊኖረው ይገባል፤ ቻናላቸውም የተለያየ ይሁን። አንዱን ክሬን ከዋናው ማብሪያ አጥፉና የእሱን ሪሞት ቁልፎች ሞክሩ። ሌላኛው ክሬን ንቅንቅ ካለ ወይም ጥሩምባው ከጮኸ ሥራ ይቁም፤ ኮዱ ሳይቀየር አይቀጥል። ተለዋጭ ሪሞት ተብሎ በአንድ ኮድ የተሠራ ሁለተኛ ካለ ባትሪው ወጥቶ በኃላፊው ካዝና ይቆለፍ። አንድን ክሬን ሁለት ሰው አያዘውም። በ2019 እ.ኤ.አ. ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ባወጣው ጥናት የአንዳንድ የኢንዱስትሪ ሪሞቶች ምልክት ከአየር ተቀርጾ እንደገና ሊላክ እንደሚችል አሳይቷል። ለእናንተ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ ሥራ ሲያልቅ የክሬኑ ዋና ማብሪያ ይጥፋ። ሪሞቱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።

አሮጌው ፔንዳንት አልተነሳም ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሪሞቱ ሲበላሽ የተንጠለጠለ ጭነት የምታወርዱበት እሱ ነው። ግን ሁለቱ አብረው በሥራ ላይ መሆን የለባቸውም። ቁልፍ ያለው መምረጫ ስዊች በመሐላቸው ይግባ።

ወደ አጠቃቀሙ። ፔንዳንት የያዘ ሰው ከክሬኑ ጋር ስለሚሄድ አቅጣጫው አይጠፋበትም። ሪሞት የያዘ ግን በፈለገበት ይቆማል፤ ፊቱን ሲያዞር ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ «ቀኝ» እና «ግራ» የሚል ጽሑፍ ከሪሞቱም ከክሬኑም ይጥፋ። የእናንተ ሼድ አንዱ ጎን ወደ ጣና፣ ሌላው ወደ አስፋልቱ ከሆነ «ሐይቅ» እና «አስፋልት» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ አንዱን ቢጫ፣ አንዱን ሰማያዊ ቀቡ። ጽሑፉ ከወለሉ የሚነበብ ሆኖ በክሬኑ ተሸካሚ ብረት ሥር ይሁን። ያው ቀለምና ያው ቃል በሪሞቱ ቁልፍ ላይ ይለጠፍ። ለዚህ የምታወጡት ገንዘብ የቀለም ብቻ ነው። ካየኋቸው ማስተካከያዎች ሁሉ እንደዚህ ብዙ ግጭት የሚያስቀር የለም።

ጠዋት ሲጀመር መጀመሪያ የሚሞከረው ማቆሚያው ነው። ቀዩ ተጭኖ ሳለ የክሬኑ ማብሪያ ይከፈት። አካባቢው ይታይ። ከዚያ ቀዩ ይለቀቅ፤ በመለቀቁ ብቻ ክሬኑ መንቀሳቀስ የለበትም፤ ስታርት መጠበቅ አለበት። ባዶውን እየሄደ ቀዩን ተጫኑ፤ ዋናው ኮንታክተር «ጧ» ብሎ ሲለቅ ይሰማል። በየሳምንቱ ደግሞ ባዶው ክሬን በቀስታ እየሄደ ባትሪውን አውጡ። በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልቆመ ክሬኑ ሥራ ላይ አይውልም። አስቡት፤ በደቂቃ 20 ሜትር የሚሄድ ክሬን በ2 ሰከንድ ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ይጓዛል። ብሎክና ግድግዳ መሐል ለቆመ ሰው ይህ ብዙ ነው። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ጭነት ከመሬት 10 ሴንቲሜትር ያህል አንስታችሁ ብሬኩ መያዙን እዩ።

ኦፕሬተሩ ሪሞቱን በማንገቻ ይያዝ። በርቶ ሳለ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ብሎክ ላይ አይቀመጥም፤ ለሌላ ሰው አይወረወርም። ስልክ ከተጠራ ጭነቱ መጀመሪያ መሬት ይንካ። የማይታየውን ጭነት አያንቀሳቅስ። ጭነት ተንጠልጥሎ ሳለ ክሬኑ ቀጥ ካለ ስታርት ላይ መደጋገም የለም፤ ከሥሩ ያለ ሰው ሁሉ ይውጣ፣ ቦታው በገመድ ይታጠር፣ ምክንያቱ ይታይ፣ ከዚያ ይውረድ። ዋናው ማብሪያ የት እንዳለ ደግሞ ጠራጊውም ጥበቃውም ይወቅ።

ለኃላፊህ የምትለው ካጣህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ንገረው። ስለ ሥራ መቆም ከተጨነቀም ሌላኛው ክሬን አለ፤ ብሎኩን በእሱ እያፈራረቃችሁ አንሱ። በመሐል የሚቆመው ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ባዶውን ብቻ ይሞከር። የሁለቱን መብራቶች ነገር ካየህ በኋላ የትኛው እንደጠፋ፣ የት ቦታ ላይ እንደሆነና ቮልቴጁ ስንት እንደነበር ጻፍልኝ። ቀጣዩን ከዚያ እንቀጥላለን።