የአንባብያን ጥያቄ፦ መሐሉ ክፍት የሆነው የወታደር ኮርቻ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ቨርጂኒያ ነው። የሟች ቤት ዕቃ ሲሸጥ የቆየ የፈረስ ኮርቻ ገዛሁ። መቀመጫው መሐል ለመሐል ክፍት ነው። የእንጨት እርካቦቹ ከፊት በቆዳ የተሸፈኑ ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ «ዩ ኤስ» የሚል ማኅተም አለ። ቆዳው ጥቁር ነው። ሻጩ «የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ነው» ብሎኛል። እውነት መሆኑን እንዴት ልወቅ? ሲነኩት እጅ ላይ ቀይ ዱቄት ስለሚቀር ዘይት ልቀባው ወይ?

መልስ፦ የእርስዎ ማክሌላን የሚባለው ኮርቻ ነው። ጆርጅ ማክሌላን እ.ኤ.አ. በ1855 እና በ1856 የክሪሚያን ጦርነት እንዲያጠኑ ወደ አውሮፓ ከተላኩት የአሜሪካ መኮንኖች አንዱ ነበር፤ ሲመለስ ያቀረበውን ኮርቻ ጦሩ በ1859 ተቀበለው። ፈረሰኛው ጦር ይህንኑ ቅርጽ እያሻሻለ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ስለተጠቀመበት፣ ክፍት መሐሉም ሆነ «ዩ ኤስ» የሚለው ማኅተም ዘመኑን አይለይም። ሻጮች ግን ዋጋ ስለሚጨምርላቸው ሁሉንም የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ይሉታል።

መጀመሪያ የመቀመጫው እንጨት የለበሰውን ይዩ። የ1859ኙ እንጨት የለበሰው ያልለፋ ጥሬ ቆዳ ብቻ ነው፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ እንደ አጥንት የደረቀ፣ ጠርዝ ጠርዙን የተሰፋ። ጥቁር የለፋ ቆዳ በጥሬው ላይ መደረብ የጀመረው በ1870ዎቹ ነው። በ1904 የወጣው ደግሞ ቀይ ቡናማ ቆዳ አለው። ስለዚህ የእርስዎ መቀመጫ ከጥንት ጀምሮ የለፋ ቆዳ ለብሶ ከነበረ የሻጩ ወሬ እዚያው ያበቃል።

ጥቁርነቱም አያታልልዎት። የድሮ ጦርነቶችን በትርዒት የሚያሳዩ ሰዎች የ1904ቱን ገዝተው ጥቁር ቀለም መቀባት የተለመደ ነው። ጠፍሮቹን ቀስ ብለው አንሥተው ከሥራቸው ያለውን ቆዳ በእጅ ባትሪ ይዩ። ብሩሽ ሊደርስበት በማይችል እጥፋት ውስጥ ቡናማ ቀለም ካገኙ፣ ጥቁሩ ኋላ የተቀባ ነው። በተቃራኒው ሲሠራ ጥቁር የነበረ ቆዳ ሰው የሚቀመጥበትና ጠፍር የሚፈትገው ቦታ ላይ ቡኒ ይሆናል፤ እጥፋቱ ውስጥ ግን ጥቁር ሆኖ ይቆያል።

ከፊት ከፍ ያለው ክፍል ላይ በሚስማር የተመታች ትንሽ የናስ ጋሻ ትኖር ይሆናል። «11½» የሚል ቁጥር ካለባት የመቀመጫው ርዝመት በኢንች ነው፤ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሞዴል ወይም የክፍለ ጦር ቁጥር ይመስለዋል።

ማኅተም ሲፈልጉ ክፍሉን አጨልመው ባትሪውን በቆዳው ላይ አጋድመው ያብሩ፤ ከላይ ሲያበሩ የማይታይ ፊደል በጥላው ይወጣል። ኢሊኖይ ያለው የሮክ አይላንድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም፣ ዓመት ወይም የተቆጣጣሪ ስም መነሻ ፊደላት ሊያገኙ ይችላሉ። ዓመቱ የተመታበትን ቁራጭ ብቻ እንደሚመለከት አይርሱ፤ ጠፍርና እርካብ ሲያረጅ ይለወጥ ስለነበር የአንዱ ኮርቻ ክፍሎች የተለያየ ዕድሜ አላቸው። በባለ መስቀል ካቻቢቴ የሚፈታ ብሎን ካገኙ፣ እንዲህ ያለው ብሎን ገበያ የወጣው በ1930ዎቹ ስለሆነ፣ ወይ በኋላ ተጠግኗል ወይ አዲስ ቅጂ ነው።

ዘይቱን ይተዉት። ቀዩ ዱቄት የቆዳው ቃጫ በአሲድ ተበልቶ የሚፈርስበት ምልክት ነው፤ ዘይት ያጠቁረዋል፣ ያጣብቀዋል፣ የተበላውን ግን አይመልስም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉ። የሙዚየም ባለሙያዎች ከ1 እስከ 2 በመቶ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የተባለ የሚፈርስ ቆዳ ማጽኛ በአልኮል አሟሙተው በስሱ ይቀባሉ፤ እርስዎም ከሞከሩ በማይታይ ቦታ ይጀምሩ፣ ከእሳት ይራቁ። ውኃ አያስነኩት፤ ጥሬ ቆዳው ረጥቦ ሲደርቅ ተሸብሽቦ ስፌቱን ይቀድዳል። ናሱን ማወልወልም ቁጥሩን ያጠፋል። እንዲህ ባለ ቆዳ ፈረስ ላይ መውጣትማ የሚታሰብ አይደለም፤ ጠፍሩ መንገድ ላይ ይበጠሳል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። በአያቴ ኮርቻ ላይ «ደብልዩ» እና «ዲ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት መካከል የቀስት ምልክት አለ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ቀስቱ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ነው፤ ፊደላቱ የጦር መሥሪያ ቤቱ ናቸው። ኮርቻውን ይገልብጡት። ሁለት የጎን እንጨቶች ከፊትና ከኋላ በብረት ቅስት ተያይዘው ካገኙ የእንግሊዝ ፈረሰኛ የተለመደ ኮርቻ ነው፤ ዋናዎቹ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. የ1890፣ የ1902 እና የ1912 ናቸው። እንጨቶቹ ከቅስቱ ጋር በሚገናኙበት ላይ ትንሽ የሚወዛወዙ ከሆነ የ1912ቱ ነው። ዝገት ከያዘው ግን አይታገሉት፤ መገጣጠሚያውን ብቻ ይመልከቱ። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1941 ኢትዮጵያ ውስጥ ስለተዋጋ በዚያ ጊዜ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ግን ለማን እንደተሰጠ አይናገርም። እሱን ከቤተሰብ ፎቶግራፍና ከአያትዎ ወረቀቶች ውስጥ ይፈልጉ።