አገር ከመምረጥሽ በፊት

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሦስተኛ ዓመት የአፈር ሳይንስ ተማሪ ነሽ፤ አማካይ ውጤትሽ 3.1 ነው፤ ውጭ ሄዶ የመማር ሐሳብ ከያዘሽ ቆይቷል። «ለግብርና ተማሪ የትኛው አገር ይሻላል? በዚህ ውጤትስ ስኮላርሺፕ ይገኛል? ጉዳዩን ከፍዬ የሚጨርስልኝ ኤጀንት አግኝቻለሁ፣ ገንዘቡን ልስጠው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሥሩ ደግሞ እንደ ቀላል ነገር አንድ መስመር ጣል አድርገሻል፦ ከመምህርሽ ጋር አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ ጨምራችሁ በቆሎ እየሞከራችሁ ነው። ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የያዘው እሱ መስመር ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ አገር ይመርጣል፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ምን እንደሚያጠና የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ለግብርና ተማሪ ይህ ቅደም ተከተል አያዋጣም። የእኛ ትምህርት ከአፈርና ከአየር ጠባይ ጋር የተሳሰረ ነው። የያዝሽው ጥያቄ የት አገር በደንብ እንደተሠራበት ካወቅሽ አገሩ ራሱ ይመጣል።

የአንቺን ጥያቄ እንውሰድ። የአፈር ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ መብዛቱን የሚያሳየው መለኪያ) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን እንደሚጎዳ ታውቂያለሽ። በዚህ ጉዳይ እጁን አፈር ውስጥ ከትቶ የሠራ አገር ብትይኝ መጀመሪያ የምጠራልሽ ብራዚልን ነው። ሴራዶ የሚባለው ሰፊ ሜዳዋ አፈሩ አሲዳማ፣ አሉሚኒየም የበዛበት፣ ፎስፈረስ ያጠረው ስለነበር ለእርሻ አይሆንም ተብሎ ተትቶ ኖሯል። ኖራና ፎስፈረስ በብዛት ተጨመረበት፤ በ1973 (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ ነው) የተቋቋመው ኤምብራፓ የተባለው የምርምር ድርጅት ደግሞ ለቦታው የሚስማሙ ዝርያዎችን አወጣ። ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የአኩሪ አተር አምራች አካባቢዎች አንዱ ሆኗል። ኤድሰን ሎባቶ፣ አሊሰን ፓውሊኔሊና ኮሊን ማክላንግ በ2006 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት በዚሁ ሥራ ነው። የብራዚል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለባቸውም፤ ፒራሲካባ ያለው ከ1901 ጀምሮ የሚያስተምረው የግብርና ኮሌጅ፣ የቪሶሳ ዩኒቨርሲቲም በአፈር ትምህርት የታወቁ ናቸው። ለታዳጊ አገር ተማሪዎች ፔክ ፔጌ የሚባል የማስተርስና የዶክትሬት ዕድልም አለ። ፖርቱጋልኛ ግን መማር ይኖርብሻል። ለዚያ የምታወጪውን አንድ ዓመት አትፍሪው፤ ከአንቺ ጋር የሚወዳደረው ሰው ቁጥር የሚያንሰውም በዚሁ ቋንቋ የተነሳ ነው።

አውሮፓ ካልሽ ደግሞ ሮታምስቴድ የሚባለው የግብርና ምርምር ተቋም እንግሊዝ ውስጥ አለልሽ። ፓርክ ግራስ የሚባለው የሣር ሙከራው ከ1856 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ ነው፤ ከ1903 ወዲህ ኖራ የሚጨመርበትና የማይጨመርበት ክፍል ጎን ለጎን ይታያል። ሮታምስቴድ ራሱ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ የዶክትሬት ተማሪዎችን ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ነው የሚይዝ። ኔዘርላንድስ ዋኽኒንገን ያለው ዓለም አቀፍ የአፈር መረጃ ማዕከል ከብዙ አገር የመጡ ከ1,000 በላይ የአፈር ቁመት ናሙናዎች (ከላይ እስከ ታች ንብርብሩ ሳይፈርስ የተወሰደ አፈር) አሉት። የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲም ከሌሎች ጋር ሆኖ በአፈርና በዓለም አቀፍ ለውጥ ላይ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለውን፣ የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ያለበትን ማስተርስ ይሰጣል።

ጥያቄሽ ሌላ ቢሆን ኖሮ መልሴም ሌላ ይሆን ነበር። ለጠብታ መስኖ ረሆቮት ያለውን የሂብሩ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ፣ ለሩዝ ፊሊፒንስ ሎስ ባኞስ ያለውን የሩዝ ምርምር ተቋም፣ ለስንዴና ለበቆሎ ዝርያ ማሻሻል ሜክሲኮ ያለውን ሲሚት የሚባል የምርምር ማዕከል እነግርሽ ነበር።

አሁን ወደ 3.1። ይህ ውጤት በር አይዘጋብሽም፤ የትኛውን በር እንደምታንኳኪ ግን ይወስናል። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች የሚሰጠው ዕድልም ሆነ የእንግሊዙ መንግሥት ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግ ቢያንስ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እንደተመረቅሽ ብታመለክቺና ብትወድቂ ውጤቴ ነው ብለሽ አትዘኚ፤ ጊዜሽ ስላልደረሰ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ በጠቅላላው የሥራ ልምድን ግዴታ አያደርግም፤ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ከተመረቅሽ የመጨረሻ ዓመት ላይ ሆነሽ ማመልከት ትችያለሽ። የሚያሸንፍ ተማሪ በወር 1,400 ዩሮ ያገኛል፤ ቢያንስ ሁለት አገር ይማራል። ፉክክሩ ግን ከባድ ነው። የሃንጋሪው መንግሥት ስኮላርሺፕ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም ጎዶሎ (Gödöllő) በምትባል ከተማ ያለውን የግብርና ዩኒቨርሲቲ ይጨምራል፤ የጃፓኑ መንግሥት ስኮላርሺፕ ሜክስት በኤምባሲም በዩኒቨርሲቲም በኩል ይመጣል። ጀርመን በራስሽ ገንዘብ ለመሄድ ካሰብሽ ደግሞ «ትምህርት ነፃ ነው» የሚለውን ሰምተሽ አትነሺ። ለቪዛው በዓመት 11,904 ዩሮ ዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ውስጥ ማስቀመጥ ሲጠየቅ ቆይቷል። ሆኸንሃይምን የመሰሉ የባደን ቩርተምበርግ ዩኒቨርሲቲዎችም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላሉ።

ለአንቺ ይበልጥ የሚሆነው መንገድ ግን የፕሮፌሰር ፕሮጀክት ነው ብዬ አምናለሁ። አሜሪካ በ1862ቱ የሞሪል ሕግ በተሰጠ መሬት የተደገፉት እንደ ፐርዱ፣ አዮዋ ስቴት፣ ካንሳስ ስቴት ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ተማሪን በብዛት የሚይዙት በምርምር ረዳትነት ነው። ፕሮፌሰሩ ለምርምሩ ገንዘብ አግኝቷል፤ ማሳ የሚወርድ፣ ናሙና የሚወስድ፣ ቁጥር የማይሰለቸው ሰው ይፈልጋል፤ ከዚያ ገንዘብ ክፍያሽን ይሸፍናል፣ ደመወዝም ይሰጥሻል። ብዙዎቹ ዝቅተኛ መስፈርታቸው 3.0 ስለሆነ አንቺ አልፈሻል። ቀሪው የሚወሰነው በምትጽፊው ኢሜይል ነው።

የላክሽልኝ ረቂቅ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ታታሪና ለዕውቀት የተጠማሁ ተማሪ ነኝ፤ በዝነኛው ዩኒቨርሲቲዎ ለመማር ከልጅነቴ እመኝ ነበር» ብሎ ይጀምራል። እህቴ፣ ይህ ደብዳቤ ለእንስሳት ሐኪምም ለመሐንዲስም ቢላክ ያው ነው፤ ፕሮፌሰሩም ያንን በመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል። ስልክ ስንነጋገር የነገርሽኝን ነው መጻፍ ያለብሽ። በቆሎውን ነቅላችሁ ስታዩ ሥሩ ኖራ የተቀላቀለበትን 20 ሴንቲ ሜትር ጥሩ አድርጎ ወርዶ፣ ከዚያ በታች አጥሮና ደንድኖ መቆሙን ነግረሽኝ ነበር። እንዲህ ብትይውስ፦ «ኖራ የታችኛውን አፈር እንደማይደርስበት በሙከራችን አይተናል፤ የሥሩን ፎቶ አያይዣለሁ። ጂፕሰም በዚህ ጥልቀት ያለውን የአሉሚኒየም ጉዳት እንደሚያቀል ከጽሑፍዎ አንብቤ የእኛ አፈር ላይ ይሠራ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀበሉት ተማሪ ይኖር ይሆን?» አራት መስመር ናት። እንዲህ ያለ ኢሜይል ለአሥር ሰው ለመጻፍ የአሥሩን ሰው ሥራ ማንበብ አለብሽ፤ ለመቶ ሰው መላክ የማይቻለውም ለዚህ ነው። በሁለት ሳምንት መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ በትሕትና አስታውሺው።

ስለ አንድ ሴሚስተር ልውውጥም ጠይቀሽ ነበር። ሂጂ፤ ግን ወቅቱን ተመልከቺ። የዩኒቨርሲቲው ዓመትና የማሳው ዓመት አንድ አይደሉም። ሰሜን አውሮፓ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ብትገቢ አዝመራው ሲሰበሰብ ትደርሺና ክረምቱን ላቦራቶሪ ውስጥ ታሳልፊዋለሽ። ሲዘራ ማየት ከፈለግሽ የፀደዩን ሴሚስተር ምረጪ። አውስትራሊያ ደግሞ ወቅቱ የተገለበጠ ነው፤ ትምህርቱም በብዛት ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ይጀምራል። ከመሄድሽ በፊት የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙልሽ ከዲፓርትመንትሽ በጽሑፍ አስፈርሚ፤ ተመልሶ መጥቶ አንድ ዓመት መድገምን ያየሁባቸው ልጆች አሉ።

እርሻ ላይ ለሚሠራ ኢንተርንሺፕ ደግሞ ተጠንቀቂ። ጥሩ ጥሩ አሉ፤ በ1957 ቱኒዝ ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የግብርና ተማሪዎች ማኅበር በአባላቱ በኩል የሚያደርገው ልውውጥ አንዱ ነው። በሌላ ወገን ሥልጠና ነው ብለው ወስደው ዓመቱን ሙሉ ቲማቲም ብቻ የሚያስለቅሙም አሉ። በአሜሪካ የጄ 1 ቪዛ ለሚሄድ ሠልጣኝ ዲኤስ 7002 የሚባል የሥልጠና ዕቅድ ቅጽ አለ፤ በየጊዜው ምን እንደምትማሪና ማን እንደሚያስተምርሽ ይጻፍበታል። ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው። «ልዩ ልዩ የእርሻ ሥራ» ብቻ የሚል ከሆነ ዝርዝሩን ጠይቂ፤ ካልሰጡሽ አትሂጂ።

አንድ ነገር ደግሞ የእኛን ሙያ ብቻ የሚመለከት። ጎበዝ ተማሪዬ ነበር፤ ለማስተርስ ሲሄድ የራሱን ማሳ አፈር በሁለት ላስቲክ ቋጥሮ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። አየር ማረፊያው ላይ ወሰዱበት፣ ሰዓታት ሙሉ ሲጠይቁት ዋሉ፣ ያሰበው ጥናትም ቀረ። አፈር ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ዘርም የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይፈልጋል፤ የዘረመል ሀብት ከሆነ ከሚወጣበት አገርም ፈቃድ ይጠየቃል። ያንቺን አፈር ይዘሽ ለመሥራት ካሰብሽ ፈቃዱን ከወራት በፊት ከፕሮፌሰሩ ጋር ጀምሩት። ማሳ የረገጥሽበትን ጫማም ጭቃው እስኪለቅ አጥበሽ ሂጂ።

ኤጀንቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አትስጪው። ከላይ የጠራሁልሽ የመንግሥታትና የኢራስመስ ዕድሎች ማመልከቻ ገንዘብ አያስከፍልም፤ እሱ የሚሸጥልሽ ነገር የለም። ይባስ ብሎ አንዱን የማመልከቻ ጽሑፍ ለሃያ ሰው ያስገቡ አይቻለሁ፤ የተጭበረበረ ሰነድ ስምሽ ላይ ከተገኘ ደግሞ ቪዛ የምትከለከይው አንቺ እንጂ እሱ አይደለም። ያጠራቀምሽውን ለቋንቋ ፈተና አውይው። አይኤልትስ ሁለት ዓመት ብቻ ስለሚያገለግል አሁን አትፈተኚ፤ ለማመልከት ስድስት ወር ገደማ ሲቀርሽ ይበቃል። ብዙ ፕሮግራሞች 6.5 ይፈልጋሉ።

ፓስፖርት ግን አሁኑኑ አውጪ። ስምሽ ትራንስክሪፕቱ ላይ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ጋር ፊደል በፊደል መግጠሙን ሳታረጋግጪ እንዳትፈርሚ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኢሜይሎች ጽፈሽ ስትጨርሺ ከመላክሽ በፊት ለእኔ አሳይኝ፤ የሥሩን ፎቶም አብረሽ አያይዢ።