ቀይ ድንጋይና የሃካ መንደር፦ ስለ ላይ ቺ ዎ ጉብኝት ለጠየቃችሁኝ

ላይ ቺ ዎ በሆንግ ኮንግ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ ባሕር ዳር ያለ፣ ሃካ የሚባሉ ቻይናውያን መንደር ነው። አካባቢው በድንጋዩና በመሬት አፈጣጠሩ ዩኔስኮ የመዘገበው ጂኦፓርክ አካል ነው። ድንጋዩንም መንደሩንም በአንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር ማየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ዕቃ ልገዛ ጓንዡ እሄዳለሁ። በዚያው ብቅ ልበል?

መልስ፦ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ልብ በል፤ ሆንግ ኮንግ ስትገባ ከዋናው ቻይና እንደወጣህ ይቆጠራል። ቪዛህ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለስ አትችልም። የሆንግ ኮንግ መግቢያም ለብቻው ነው። ከሆንግ ኮንግ የማ ሊው ሹይ ወደብ ወደ መንደሩ የሚነሳው የሕዝብ ጀልባ ደግሞ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል ቀን ነው የሚሠራው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ላይ የማያቸው ባለ ስድስት ጎን ዓምዶች እዚያ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ እነሱ ሳይ ኩንግ በሚባለው ሌላው የሆንግ ኮንግ አካባቢ ናቸው። ሌላ ቀን ይፈልጋሉ። ከ140 ሚሊዮን ዓመት በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ተሰነጠቀ። በላይ ቺ ዎ መንገድ የምታዪው ቀይ ድንጋይ ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን ወንዝ ያመጣው አሸዋና ጠጠር ተጣብቆ ደነደነ፤ ያቀላው የብረት ዝገት ነው። ጀልባው ወደ ዳር ሲጠጋ በቀዩ ውስጥ የተቀበሩትን ጠጠሮች አንድ በአንድ ማየት ትችያለሽ። ያን ጊዜ ስልክሽን አስቀምጪና እዪ።

ጥያቄ፦ መንደሩ ሰው አለው? ባዶ ነው ይባላል።

መልስ፦ ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ሃካዎች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የሃን ቻይናውያን ናቸው። በ1660ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት የባሕር ዳሩን ነዋሪ አስነሥቶ እዚያ መኖርን ከልክሎ ነበር፤ እገዳው ሲነሳ ብዙ ሃካዎች መጥተው በአካባቢው ሰፈሩ። ላይ ቺ ዎም ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የሩዝ እርሻ አላዋጣ አለ። ወጣቱ እንግሊዝ ሄዶ ምግብ ቤት ተቀጠረ፤ ማሳው ዳዋ ዋጠው። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲና ነዋሪዎቹ አብረው እርሻውን አነቃቁት። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ይሄ ነው፤ የምትጎበኙት ሙዚየም ሳይሆን የሚታረስ መሬት ነው።

ጥያቄ፦ ከመንደሩ ጀርባ ያለው ጫካ ለምን አልተቆረጠም?

መልስ፦ የፌንግ ሹይ (ስለ ቦታ አቀማመጥ ያለ የቻይናውያን እምነት) ደን ነው፤ የመንደሩን ዕድል ይጠብቃል ብለው ያምናሉ። እንደኛ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ እምነት ያቆየው ነው። ሥራውም ይታያል፦ ነፋስ ይሰብራል፣ ቁልቁለቱን ከመናድ ይጠብቃል። አምስት ጣት የሚባለውን የካምፎር ዛፍ ሳታዩ አትመለሱ። በጃፓን ወረራ ጊዜ ከአምስቱ ቅርንጫፎች አንዱ ተቆርጦ አራት ቀርተዋል።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ። የምበላው አገኛለሁ?

መልስ፦ የሃካ ምግብ አሳማ ይበዛዋል። ቅጠል ላይ የሚቀመጥ የሩዝ ዱቄት ቂጣ አላቸው፤ ኦቾሎኒ ያለበት ጣፋጭ ዓይነት አለ። በአሳማ ስብ ተሠርቶ እንዳይሆን ግን ጠይቂ። ሙስሊም ወገኖችም እንዲሁ። ለማንኛውም ስንቅ ያዢ።

ጥያቄ፦ ያለ አስጎብኚ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። እኔ ግን ከአስጎብኚ ጋር ሂዱ ነው የምለው፤ በተለይ የመንደሩ ተወላጅ ካገኛችሁ። ብቻችሁን ከሄዳችሁ የመልሱ ጀልባ እንዳያመልጣችሁ። ካመለጠ ሚኒባስ ወደሚገኝበት ዉ ካው ታንግ መንደር የሁለት ሰዓት ገደማ የጫካ መንገድ በእግር ነው፤ ሳይመሽ ተነሱ።